የአክስቴ ረግረግ፦ በጎጃም ጠፍቶ የተመለሰ የቄጠማ መሬት

በጥር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ አክስቴ ገበያ ይዛው የምትወጣው ቄጠማ አጣች። ከቤቷ ሥር ካለው ረግረግ እያጨደች ለደብረ ማርቆስ ገበያ ስታቀርብ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረች ሴት ናት፤ ለቡና፣ ለማኅበር፣ ለሰርግ፣ ለዓመት በዓል። በዚያ ማለዳ ማጭዷን ይዛ ወርዳ የተመለሰችው ግማሽ እስር በማይሞላ፣ ጫፉ ዝገት በመሰለ ቄጠማ ነው። ደጃፉ ላይ ጣል አደረገችውና «መሬቱ ደክሞታል መሰለኝ ልጄ» አለችኝ። የእርሻ መሬት ይደክማል። ረግረግ ግን ውሃው እስካለ ድረስ እንዲህ በሁለትና በሦስት ዓመት አይደክምም። ሌላ ነገር እንዳለ ስለጠረጠርኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን በደብተር መያዝ ጀመርኩ።

እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። ስለ ቄጠማ ለተማሪዎቼ ስናገር የኖርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ ሣር የሚመስል፣ ግን ሣር ያልሆነ ተክል። ያቺ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ሥራ እንደተሸከመች ያወቅኩት አክስቴ ማሳ ውስጥ ጉልበቴ ድረስ ጭቃ ገብቼ ነው። የሆነውን ከነስሕተታችን እጽፈዋለሁ። ቄጠማ ሊተክል የሚያስብ ሰው እኛ የከፈልነውን ዋጋ ዳግም መክፈል የለበትም።

ሦስት ጠርዝ ያለው አገዳ

የቄጠማን አገዳ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ይዛችሁ ለማሽከርከር ሞክሩ። እምቢ ይላል፤ ሦስት ጠርዝ ስላለው ጣት ላይ ይቆማል። የስንዴ ወይም የገብስ አገዳ ክብ ነው፤ ውስጡ ባዶ ሆኖ በየመካከሉ አንጓ አለው። የቄጠማው ግን አንጓ የለውም፤ ውስጡም ስፖንጅ በመሰለ ነጭ ነገር ተሞልቷል፤ ቅጠሎቹም ከግርጌው በሦስት አቅጣጫ ይወጣሉ። ይህ ከ5,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት፣ ከሣር የተለየ ትልቅ የዕፅዋት ቤተሰብ ነው።

የጣናው ደንገል የቄጠማ የቅርብ ዘመድ ነው። ቁመቱ 4 ወይም 5 ሜትር ይደርሳል፤ የባሕር ዳርና የዘጌ ታንኳ የሚታሰረው ከእርሱ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. አትላንቲክ ውቅያኖስን ሊሻገርበት የተነሣውና «ራ» ብሎ የሰየመው ጀልባ የተሠራው ከጣና በተጫነ ደንገል ነበር። ደንገል ሰው ተሸክሞ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው በአገዳው ውስጥ አየር ስላለ ነው። ይህን አየር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የእኛ የመጀመሪያ ተከላ የከሸፈው እርሱን ባለማሰባችን ነው።

ሌላው ዘመድ በጎጃም ልጃገረዶች ዘንድ የታወቀው እንግጫ ነው። ጳጉሜ ሲገባ ተሰብስበው፣ እየዘፈኑ፣ ሜዳ ወርደው ይነቅሉታል፤ ለዘመን መለወጫ ቤቱን ያስሩበታል፣ ያስጌጡበታል። ሥርዓቱም «እንግጫ ነቀላ» ይባላል፤ ስሙ ራሱ ነቀላ ነው። እንግጫ ቢነቀል አይጎዳም። አጭር ነው፣ በደረቅ ሜዳም ይበቅላል፣ አፈር ውስጥ የቀረችው ቁራጭ እንኳን መልሳ ታቆጠቁጣለች፤ እርሻ ውስጥ ሲገባ አርሶ አደሩን የሚያማርረውም በዚህ ጠባዩ ነው። ቄጠማ ግን እንደ እንግጫ አይደለም። ከሥሩ ስትነቅለው የሚመጣው ዓመት ቡቃያ አብሮ ይመጣል። ሁለቱ ዘመዳሞች አንዱ የሚነቀል፣ አንዱ የሚታጨድ መሆናቸው ሲምታታ ምን እንደሚከተል የአክስቴ ረግረግ አሳይቶኛል።

ማን ገደለው?

መሬቱ አንድ ቃዳ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ አይሞላም። ከላይኛው ጫፍ በበጋም የማትደርቅ ትንሽ ምንጭ አለች፤ ከታች ደግሞ ወደ ወንዝ የምትወርድ ጅረት። በልጅነቴ ፍየል ስንጠብቅ በዚያ ማለፍ አንችልም ነበር፤ ጭቃው ጫማ ያስቀር ነበር። አሁን ግን በጥር መሀል በደረቅ እግር ተሻገርኩት። አፈሩ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረው።

መጀመሪያ ማወቅ የፈለግኩት ውሃው የት እንደደረሰ ነበር። የቀርከሃ ቁራጭ ወስጄ አንጓዎቹን በጋለ ብረት በሳሁ፤ ጎኑንም በምስማር ወነፈትኩና መሬቱ መሀል ላይ ተከልኩት። በነጋታው በቀጭን እንጨት ስለካው ውሃው ከመሬቱ ገጽ 62 ሴንቲ ሜትር ወርዶ አገኘሁት። የቄጠማ ሥር አብዛኛው የሚተኛው ከላይ ባለው አንድ ስንዝር ተኩል አፈር ውስጥ ነው። ተክሉ ውሃው ላይ መድረስ አልቻለም ማለት ነው።

ውሃውን የወሰደው ቦይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በአካባቢው ያለፈ አንድ ባለሙያ «ይህ መሬት እንዲሁ ከሚጨቀይ ተጠንፍፎ ድንች ቢተከልበት» ብሎ መክሯት ነበር። አክስቴም ወንፈል ጠርታ ከምንጩ እስከ ጅረቱ ጉልበት የሚያህል ቦይ አስቆፈረች። በመጀመሪያው ዓመት ድንቹ ደህና ወጣ። በሁለተኛው ዓመት ግን መሬቱ በበጋ እየተሰነጠቀ፣ በክረምት እየጨቀየ ለድንችም ለቄጠማም እምቢ አለ። ቦዩ ግን እንዳለ ሌሊትና ቀን ውሃውን ያወርድ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ረግረግ የሰነፍ መሬት አይደለም። የክረምቱን ውሃ ይዞ ለበጋ የሚያቆይ ጎተራ ነው፤ አክስቴን ለሃያ ዓመት የመገበውም እርሱ ነው።

ቦዩ ብቻውን አልነበረም። ከምንጩ በላይ በኩል የጎረቤታችን ሦስት ረድፍ ባሕር ዛፍ ቆሟል፤ ባሕር ዛፍ በጥልቅ ሥሩ ምንጭ አጠገብ ምን እንደሚያደርግ የጎጃም ገበሬ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ከመኸር በኋላም የመንደሩ ከብት ይለቀቅበት ነበር፤ የደረቀ ረግረግ ላይ በሬ ሲቆም ሰኮናው አፈሩን እንደ ሸክላ ይጠቀጥቀዋል። በመጨረሻም እጃችን አለበት። ቄጠማ ሲያንስ ገበያ የሚፈልገው ረጅምና ግርጌው ነጭ የሆነውን ነው፤ አክስቴን የሚያግዙት ልጃገረዶች ደግሞ ያንን ነጭ ግርጌ ለማግኘት ማጭዱን ትተው በእጅ ይነቅሉ ጀመር። ሴቶቹ ላይ አልፈርድም። ድርቁ መሬት ላይ በቀላሉ የሚገኘው ያ ብቻ ነበር።

ከአራቱ ቦዩን አስቀደምኩ። ውሃ ከሌለ የቀሩት ሁሉ ዋጋ የላቸውም።

ቦዩን መድፈን

በየካቲት ወር በሦስት ቦታ ደፈንነው። ድንጋይ ከሥር፣ ከላዩ ከነአፈሩ የተቆረጠ ሣር፣ ሣሩ በተገለበጠበት ላይ እንደገና ጭቃ። በአንድ ትልቅ ግድብ ፋንታ ሦስት ትናንሽ የመረጥነው ውሃው ኃይል ሳያገኝ ወደ ጎን እንዲሰራጭ ነው። አክስቴ ለመጀመሪያው ሳምንት ደስ አላላትም። «በገዛ ገንዘቤ ያስቆፈርኩትን በገዛ እጄ ስደፍን ሰው ምን ይላል?» ትል ነበር። በመጋቢት ወር የቀርከሃው መለኪያ 35 ሴንቲ ሜትር ሲያሳይ ዝም አለች። በየማለዳው እርሷው ራሷ እየወረደች መለካት ያዘች፤ ቁጥሩንም በከሰል የጓዳው ግድግዳ ላይ ትጽፈው ነበር።

የመጀመሪያው ተከላ

ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው፤ እኔም ነፃ የምሆነው ያኔ ነበርና ተከላውን በሐምሌ አደረግነው። ይህ የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ ተክሉ በሚፈልገው ጊዜ ሳይሆን እኔ በተመቸኝ ጊዜ ነው የተከልነው።

ዘሩን ከታች ካለው የጅረት ዳር፣ ገና ካልተነካ ቁጥቋጦ ወሰድን። እንዴት እንደሚከፈል ልናገር፤ ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነውና። አንዱን ቁጥቋጦ በአካፋ ዙሪያውን ቆርጠህ ከነጭቃው ታወጣዋለህ። ጭቃውን በውሃ ስታጥበው ጣት የሚያህል፣ አግድም የተኛ፣ ቡናማ ቅርፊት የለበሰ ግንድ ይታያል። በተለምዶ ሥር የምንለው እርሱን ነው፤ እውነተኛዎቹ ሥሮች ከእርሱ እንደ ጺም የተንጠለጠሉት ናቸው። ጫፉ ላይ ሹል፣ ነጭ፣ እንደ ነጭ ሽንኩርት ጥርስ የጠነከረች ቡቃያ አለች። ስታሸትተው የእርጥብ አፈርና የመልካም ቅመም ሽታ አለው፤ ቡና ሊፈላ ሲል ቤት ውስጥ የሚሸተን ያ ነው። በሹል ቢላዋ ሁለት ወይም ሦስት ቡቃያ፣ እንዲሁም ጥቂት የቆሙ ቅጠሎች ያሉት ቁራጭ ታወጣለህ። አንድ ቡቃያ ብቻ ያለው ቁራጭ ይበቅላል፤ ግን ከብት ከረገጠው ወይም ትል ከበላው መተኪያ የለውም።

120 ቁራጭ አወጣን። ቅጠላቸውን አንድ ስንዝር ብቻ አስቀርተን ቆረጥን፤ ይህም አትክልት ሲተከል የሚደረግ የተለመደ ነገር ነው፤ ቅጠል ሲቀንስ ተክሉ ውሃ እንዳይተን ያግዘዋል ብዬ አሰብኩ። በየክንዱ ርቀት፣ ሌጣ ጭቃ ውስጥ፣ ረድፍ ይዘን ተከልን። አመሻሽ ላይ ቆመን ስናየው ሩዝ የተተከለበት ማሳ ይመስል ነበር። አክስቴ እልል አለች።

በጳጉሜ ስንቆጥር የቀሩት 9 ብቻ ነበሩ።

ያ ቀን ከባድ ነበር። አንዱን ቁራጭ ከጭቃ ሳወጣው ግንዱ በእጄ ላይ ፈረሰ፤ ከመልካሙ የቅመም ሽታ ይልቅ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ነበረው። አክስቴ ሽቅብ ተመልክታ ምንም አላለችም። እኔ ግን አንድ ነገር ትኩረቴን ሳበው። የተረፉት ዘጠኙም ከላይኛው ዳር፣ መሬቱ አንድ ጫማ ያህል ከፍ ከሚልበት መስመር ላይ ነበሩ። ከታች አንድም አልተረፈም።

በባልዲ የተገኘ መልስ

በጥቅምት ወር ከተማሪዎቼ ጋር ሦስት ባልዲ አዘጋጀን። በሁሉም ውስጥ አንድ ዓይነት ጭቃ፣ አንድ ዓይነት የቄጠማ ቁራጭ። በመጀመሪያው ቅጠሉን ሳንቆርጥ ውሃ ሞላንበት፤ ጫፉ ከውሃው በላይ ቆመ። በሁለተኛው ቅጠሉን ቆርጠን ውሃውን ዝቅ አደረግን፤ የተቆረጠው ጫፍ ከውሃ በላይ ሆነ። በሦስተኛው ቅጠሉን ቆርጠን ውሃው የተቆረጠውን ጫፍ እንዲሸፍነው አደረግን። ከአንድ ወር በኋላ ሁለቱ ባልዲዎች አዲስ ቡቃያ አወጡ። ሦስተኛው ሸተተ።

ነገሩ ይህ ነው። ረግረግ ጭቃ ውስጥ አየር የለም። ቄጠማ እዚያ የሚኖረው ስፖንጅ በመሰለው አገዳውና ቅጠሉ ውስጥ አየር ከላይ ወደ ሥሩ ስለሚያወርድ ነው፤ ደንገል ታንኳ የሚያንሳፍፈው ያው አየር ነው። ስትቆርጠው የአየር ቧንቧው አፍ ይከፈታል። ያ አፍ ከውሃ በላይ ከሆነ ሥሩ መተንፈሱን ይቀጥላል። ውሃ ከሸፈነው ግን ቧንቧው ውሃ ይሞላና ሥሩ ይታፈናል። እኛ በሐምሌ፣ ውሃው ከቀን ወደ ቀን በሚጨምርበት ወቅት፣ 111 ቁራጭ አፋቸውን ከፍተን ጎርፍ ውስጥ ተክለን ሄድን። መሬቱ አልደከመም፤ እኛ አሰጠምነው።

ለተማሪዎቼ ለዓመታት «ውሃ ወዳድ ተክል» እያልኩ ሳስተምር ኖሬአለሁ። አሁን እንዲህ አልልም። ቄጠማ እግሩን ውሃ ውስጥ፣ አፉን አየር ላይ አድርጎ የሚኖር ተክል ነው።

ሁለተኛው ተከላ

ለቀጣዩ ዓመት ጊዜውን ለወጥን። የግንቦት የመጀመሪያ ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ መሬቱ ረጥቦ ውሃ ግን ሳይተኛበት፣ በወሩ መጨረሻ ሁለት ቅዳሜዎችን ተጠቅመን ተከልን። ክረምቱ እስኪበረታ ድረስ ቁራጮቹ አንድ ወር ተኩል ያህል ሥር ለመስደድ ጊዜ አገኙ። ቅጠላቸውን አልቆረጥንም፤ የወደቁትን ብቻ አነሣን። ቡቃያው ከአፈሩ ጋር እኩል እንዲሆን እንጂ እንዳይቀበር ተጠነቀቅን። ከላይ ካለው የጤፍ ማሳ ደለል እንዳይወርድባቸውም አክስቴ በማሳው ጫፍ ላይ ሁለት ክንድ የሚያህል ሰርዶ ሳታርስ ተወች።

ሌላ የሚባል ብዙ የለም። ማዳበሪያ አልጨመርንም፤ ምንጩና ደለሉ ይበቃሉ። ጥላ አይወድም። ከዘርም ይበቅላል፤ ዘሩ ግን በጣም ጥቃቅን ነው፣ ከላይ ተበትኖ ብርሃን ሊያገኝና ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ ጭቃ ላይ ሊቆይ ይገባዋል፤ ሥር ማግኘት ለሚችል ሰው አድካሚ መንገድ ነው። በኅዳር ውርጭ መትቶት ጫፉ ተቃጥሎ ነበር። አክስቴ ደንግጣ አስጠራችኝ፤ ግንዱን ቆፍረን ስናየው ነጭና ጠንካራ ስለነበር ተረጋጋን።

ከተከልነው 200 በጳጉሜ 163 ቆመው ተገኙ። በመጋቢት ደግሞ አንዱን ከሌላው ለመለየት አስቸገረ፤ ከሥር ተገናኝተው ነበር። የቀርከሃው መለኪያ በዚያው በጋ 18 ሴንቲ ሜትር ያሳይ ነበር።

ባሕር ዛፉ

ይህን ልተወው አልችልም፤ ከቴክኒኩ ይልቅ ያስጨነቀን እርሱ ነበርና።

ጎረቤታችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። አክስቴ «አያ» ትላቸዋለች፤ በልጅነቷ በወንፈል አብረው ያረሱት አባቷና እርሳቸው ነበሩ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና አፍልታ ጠራቻቸው። መሬቱ ላይ የተጎዘጎዘው ከዘጠኙ ተራፊዎች አንዱ የሰጠው ጥቂት ቄጠማ ነበር።

«አያ፣ ዛፉን ይቁረጡ ልልዎ አልጠራሁዎትም» አለች።

«ካልሽማ ምን ልትይ ነው?» አሉ ሽማግሌው፤ ሲኒውን ሳያነሡ። «ልጆቼን ያስተማርኩት በዚህ ዛፍ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ምንጯ ግን የሁለታችን ናት። የእርስዎም ከብት የሚጠጣው ከእርሷ ነው።»

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም በጋ ላይ ከብታቸው ውሃ ፍለጋ እስከ ታችኛው ወንዝ እንደሚሄድ፣ በፊት ግን እንዲህ እንዳልነበረ እርሳቸው ራሳቸው ተናገሩ። በዚያ ቀን የተወሰነ ነገር አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ልጃቸውን ላኩ። ለምንጯ የቀረበውን አንድ ረድፍ ለአቅሙ ሲደርስ አጣና አድርገው እንደሚሸጡትና ከዚያ በኋላ ከጉቶው የሚወጣውን ቡቃያ እንደሚገነጥሉት አሉ። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ መቁረጡ ብቻ ዋጋ የለውም፤ ቃል የገቡት ስለ ቡቃያውም መሆኑ ነገሩን በቁም ነገር እንደያዙት አሳየኝ። አክስቴም በፋንታው ከረግረጉ ዳር የሚታጨደውን ሣር ለላሞቻቸው እንዲወስዱ ፈቀደች፤ ከብቱ ግን ወደ ውስጥ አይገባም። የቀሩት ሁለት ረድፎች እስካሁን ቆመዋል። ቢሄዱ ደስ ይለኛል። ግን የሰውየው ጡረታ እነርሱ ናቸው፤ አንዱን ረድፍ መስጠታቸውን እንደ ትልቅ ነገር እቆጥራለሁ።

ለፋሲካ

የመጀመሪያው አጨዳ የመጣው በሕማማት ሳምንት ነው። ቀዳም ስዑር ዕለት ካህናቱ ቄጠማ ይዘው ወደ ምእመናን ይወጣሉ፤ ሰው ሁሉ ተቀብሎ እንደ ቀለበት በራሱ ላይ ያስራል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት፣ በኖኅ ዘመን ርግቧ ለምለም ቄጠማ ይዛ የውሃውን መጉደል እንዳበሠረች፣ የትንሣኤውን ብሥራትም ቄጠማ ያበሥራል። ወቅቱ ግን በጋው የሚጠናበት ነው፤ በየሜዳው ያለው ደርቆ ያልቃል። ነጋዴዎች ከሩቅ ድረስ አክስቴን ፈልገው መጡ፤ ያቀረቡት ዋጋም ደህና ነበር። ተክሉ ከተተከለ ገና 11 ወሩ ነው። እኔ «አንድ ዓመት ሙሉ ይቆይ፤ ግንዱ ስንቅ ይያዝ» አልኩ። እርሷ «ለቤተ ክርስቲያን እምቢ አልልም» አለች።

የሄደው በእርሷ ቃል ነው፤ እርሷም ልክ ነበረች። ከታችኛው፣ በጣም ከረጠበው ጥግ ለቤተ ክርስቲያን የሚበቃውን ብቻ አጨደች። ነጋዴዎቹን በባዶ እጃቸው መለሰቻቸው። አጨዳውን አጠገቧ ቆሜ ተመለከትኩ። ግራ እጇ እቅፍ ሙሉ ቄጠማ ሰብስቦ ወደ ጎን ያጋድላል፤ ቀኝ እጇ ማጭዱን ከመሬት አራት ጣት ከፍ አድርጎ ይስባል፤ ሽው የሚል ድምፅ፤ ከዚያ አንድ ርምጃ ወደ ኋላ። አራት ጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በታች ቡቃያዎቹ ተኝተዋል፤ የተቆረጠው አፍም ከውሃው በላይ መቆም አለበት።

ከዚያ በዓል በኋላ ተቀምጠን የማጨጃ ሥርዓት አወጣን። ሐሳቡን እኔ ብጀምረውም የጨረሰችው አክስቴ ናት። መሬቱ በሦስት ተከፈለ። ላይኛውና ደረቅ ያለው ክፍል የመስቀል ነው፤ በመስከረም ሌላው ሁሉ ውሃ የተኛበት ስለሆነ እዚያ ብቻ ነው የተቆረጠው አፍ ከውሃ በላይ የሚቆመው። መካከለኛው የገናና የጥምቀት ነው። ታችኛውና ረግረጉ የማይደርቀው የፋሲካ ነው፤ በጋው ሲጠና አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው እርሱ ነውና። እያንዳንዱ ክፍል በዓመት አንዴ ታጭዶ ይተኛል። ይህ ማለት በየቅዳሜው ገበያ ቄጠማ ይዞ መውጣት ቀርቷል፤ ይህም ለአክስቴ ቀላል አልነበረም፤ በየሳምንቱ የምትይዘው የጨውና የዘይት ገንዘብ ነበር። በበዓል ዋዜማ የምታገኘው ያንን እንደሚተካ እስካሁን ከደብተሬ ያየሁት ያመለክታል፤ ግን በመሀል ባሉት ወራት እጇ ያጥራል፤ ስለዚህ ዶሮ ይዛለች።

ዘንድሮ በጳጉሜ ልጃገረዶቹ እንደ ወትሮው እየዘፈኑ ወረዱ። እንግጫ የሚበቅለው ከረግረጉ ዳር፣ ደረቅ ከሆነው ሜዳ ላይ ነው፤ ወዲያው ቀጥሎ የመስቀሉ ቄጠማ ወገብ ደርሶ ቆሟል። አክስቴ ቀድማ ወርዳ በሁለቱ መካከል አንድ ረድፍ ድንጋይ ደርድራ ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ ድንጋዩን ተሻግራ ረጅሙን ቄጠማ በሁለት እጇ ይዛ ስትስብ አየቻት። ሮጣ ሄዳ እጇን ያዘቻት፤ አልተቆጣቻትም። ጎንበስ ብላ ከአንዱ አገዳ ሥር ጭቃውን በጣቷ ገለጥ አደረገችና ነጯን ቡቃያ አሳየቻት።

«ይቺ ለከርሞ ናት» አለቻት። «እናንተ ከድንጋዩ ወዲያ ንቀሉ፤ ከዚህ ወዲህ ማጭድ ነው።»